ኮኮናት ይዘን ስለ ተቀበልናቸው መርከቦች

ለክቡር የዓለም አቀፍ የዓሣ ሀብት የበጎ ፈቃድ ቃል ኪዳን ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የተሟላ ጤና፣ ለጉባኤ አዳራሽዎም የማይቋረጥ ጭብጨባ እመኛለሁ። እኛ በሕንድ የሰሜን ኬረላ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች፣ የባሕሩ ዝምታ ከማስፈራቱ በቀር፣ ደኅና ነን።

አንደኛ፣ ስለ ቃል ኪዳንዎ እናመሰግናለን። ብዙ አገሮች የሰርዲን ዓሣ መራቢያዎችን ላለመንካት በፈቃዳቸው ቃል መግባታቸውን ስንሰማ፣ እኔ በዳኝነት የምቀመጥበት የመንደራችን የባሕር ሸንጎም በቤተ መቅደሱ መብራት ፊት ማለ። በእኛ ዘንድ እዚያ ምሎ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ጀልባው ከአሸዋው አትነሣም፤ ዓሣውንም የሚገዛው የለም። እናንተም ዘንድ እንዲሁ መስሎን፣ ልጆቻችን ጦማቸውን እያደሩ፣ ከደጃችን ያለው መራቢያ ላይ መረብ ሳንጥል ሁለት ክረምት አሳለፍን።

ሁለተኛ፣ የፈራሚ አገሮች መርከቦች መብራታቸውን አብርተው መራቢያው ላይ ሲቆሙ፣ ጠባቂ የላኩልን መስሎን ኮኮናት ጭነን ልንቀበላቸው እንደ ወጣን በኀፍረት እገልጻለሁ። ኮኮናቱን ተቀብለውናል፤ ሰርዲኑንም አላስተረፉም። ዓሣ ሻጯ ቺሩታ ዳር ላይ ቆማ፣ «አጎቴ አምባዲ፣ ለሌባ ስንቅ ቋጥራችሁ ሰጣችሁ እኮ! ምነው መረቡንም አብራችሁ ብትጎትቱለት!» አለችን።

ሦስተኛ፣ ለአቤቱታችን የሰጡንን ትሕትና የተሞላበት መልስ፣ ማለትም ቃሉ በፈቃድ የተገባ ስለ ሆነ አፍራሹ እንደማይጠየቅ፣ ለሸንጎው አነበብኩ። ሽማግሌዎቹ ደግሜ እንዳነብ ጠየቁኝ፤ ከዚያም አንድ ባንድ ተነሥተው ሄዱ።

አሁን መራቢያው ባዶ ነው። የቺሩታ አንድያ ልጅ ሱኩማራን፣ ከጠረፍ ርቃ በማታውቅ ጀልባ፣ ነፋሱ ሳይበርድ ወደ ጥልቁ ሊወጣ ገመዱን እያጠበቀ ነው። እናቱ ለምናዋለች፤ እኔም ለምኜዋለሁ። ድሮ ቢሆን ሸንጎው ያስቀረው ነበር፤ መልስዎን ካነበብኩ ወዲህ ግን የሸንጎውን ቃል የሚሰማ ወጣት የለም። ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ።

ቃልዎን አምኖ መንደሩን ያስራበ፣ እጅ የሚነሣዎ፣
አምባዲ፣ የባሕር ሸንጎ ዳኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው ጉባኤ አንድ ወጣት አጥማጅ እንድንልክ በደግነት ስለ ጋበዙን ሱኩማራንን መርጠን ነበር። ይህን ደብዳቤ ሳልልከው ጀልባዋ ባዶዋን ዳር ወጣች። ወንበሩን አያንሡት፤ ስሙ ሲጠራ ለምን እንደ ቀረ እርስዎ ያስረዱ። እናቱ እዚህ መልሱን ትጠብቃለች።