ለየትኛው እጅ

ልጄ ማርለን፣ በሄድሽበት ሁሉ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ በረዶውም ቀልጧል። የማወራው ከሬዲዮው ጋር ነው።

አባትሽ የክፍልሽን ግድግዳ እስከ እንጨቱ ገፎት ሳይጨርሰው አረፈ። የእሱ መጋዝ ስለተቃጠለ በባትሪ የሚሠራ ክብ መጋዝ ልገዛ ሄድኩ። ምላጩ በግራ በኩል ያለው ለቀኝ እጅ የሚቆረጥበትን መስመር ያሳያል፤ በቀኝ በኩል ያለው ደግሞ ለግራኝ፣ ለአንቺና ለአባትሽ። ሁለቱንም እያነሳሁ መለስኩ።

ባለሱቁ ሃስከል፣ «እትዬ ኢዲት፣ መጋዝ እኮ ነው፣ ባል አይደለም! ይምረጡ እንጂ» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ግን አፈረ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እግዜር ይጠብቅሽ፣ ልጄ። መጥተሽ አብረን የምንጨርሰው ከሆነ የግራኙን እገዛለሁ። የማትመጪ ከሆነም ሳትፈሪ ንገሪኝ፤ ለእኔ እጅ የሚሆነውን እወስዳለሁ።

እናትሽ