የጋሽ ብርዱን ማረፍና ሳይዘጋ የቀረውን ኮፈን በተመለከተ

የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ጠጋኞች ማኅበር፣ መሥራች አባሉና የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢው የነበሩት ጋሽ ብርዱ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። መግለጫው የዘገየው ስለ አንድ መኪና ስንከራከር በመሰንበታችን ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን።

«ጋሽ ብርዱ» ደንበኞች ያወጡላቸው ስም ነው፤ የነኩት መኪና ሁሉ ይበርድ ነበርና።

ማኅበሩ በተመሠረተበት ዓመት፣ «ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ ሾልኳል፤ የሾለከበትን ሳታገኝ አትሙላ» የሚለውን መመሪያ አስጸድቀዋል። ጋዝ እየሞሉ ደንበኛ ማመላለስ የለመዱ ሁለት አባላት በዚህ አኩርፈው ነበር። አሁን ታርቀናል።

በዓመቱ ደግሞ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ሲቀየር እርጥበት የሚስበው ማድረቂያ አብሮ እንዲቀየር፣ መስመሩም እንዲታጠብ አስገድደዋል። ይህን አለማድረግ የአሮጌውን የብረት ብናኝ ለአዲሱ ማጉረስ ነው ይሉ ነበር።

ጋራዣቸው በሰፋ ጊዜ፣ አዲስ ኮምፕሬሰር ሊገዙ የተነሱ አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተርን አስቁመው፣ ከአየር ማጣሪያው የአይጥ ጎጆ አውጥተው በሶፍት ጠቅልለው አስረክበዋቸዋል። ያን ቀን ገበያ ያመለጣቸው የመለዋወጫ ሻጭ እስካሁን አልረሱትም።

ከሁሉ በላይ ማኅበሩ እስከ ዛሬ የሚተዳደርበትን ደንብ ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። አንድ አባል የከፈተውን የመኪና ኮፈን፣ ራሱ በአንደበቱ ካላስረከበ በቀር ሌላ አባል አይነካም። ሥራውም የሚያበቃው ከፋቹ ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት ላይ መዳፉን አድርጎ «በረደ» ሲል ብቻ ነው። በዚህ ደንብ ብዙ ጠብ በርዷል።

ይሁን እንጂ የጋሽ ብርዱ የራሳቸው መኪና በርዶ አያውቅም። እሁድ እሁድ ከባለቤታቸው ጋር በግቢያቸው ኮፈኑን ከፍተው ይውሉ ነበር። ኮንደንሰሩ ተቀየረ፤ ኮምፕሬሰሩ ተቀየረ፤ ቱቦዎቹም አልቀሩ። ስንጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «አንዲት ዕቃ ቀርታዋለች» ነበር። የመለዋወጫ ሻጩ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ሲተርቱባቸው እኛም አብረን ስቀናል። አሁን አፍረናል።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤታቸው ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፣ «የጀመረውን ሳይጨርስ ሄደ እንዲባልብኝ አልፈልግም። መኪናዋን ጨርሱልኝ» አሉ። ሁላችንም መፍቻ ለማንሳት ብድግ አልን፤ ወዲያው ደግሞ ሁላችንም ተቀመጥን። ኮፈኑን የከፈቱት ሟቹ ናቸው፤ ሟች አያስረክብም። ጸሐፊያችን ደንቡ እንዲሻሻል ሐሳብ አቀረበ። ደንቡ የሚሻሻለው በቴክኒክ ኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማ መሆኑ ሲታወስ ስብሰባው ወደ ሁከት ተለወጠ።

እትዬ የምንላቸው ባለቤታቸው ጥቂት ታግሰውን ሲያበቁ ጠረጴዛውን መቱ። «ማን ከፈተው ነው የምትሉት? የኮፈኑ መሳቢያ እጀታ ከመሪው ሥር ነው። እሱ ውጭ ቆሞ ‹ሳቢው› ይለኛል፤ ሳብ አድርጌ የምከፍተው እኔ! ስንት እሁድ ሙሉ የከፈትኩት እኔ ነኝ!»

ቤቱ ይህን ነጥብ መረመረ። ከፋችነታቸው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እሳቸውም አስረከቡን፤ ተያይዘን ወደ ግቢያቸው ሄድን።

የፍተሻው ውጤት እንደሚከተለው ነው። ኮምፕሬሰሩ አዲስ ነው። ኮንደንሰሩ ንጹሕ ነው። ጋዙ ሙሉ ነው፤ የሚያሾልክ ቦታ የለም። የሌለችው ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የምታዞረው ቺንጋ ብቻ ናት። እሷም ከነመጠቅለያ ላስቲኳ በዕቃ ሳጥናቸው ውስጥ ከጨርቅ ሥር ተገኘች። ጋሽ ብርዱን የሚያህል ሰው ቺንጋ ረሳ ብሎ ለመናገር የደፈረ አባል አልነበረም።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ። «ድሮ ነው ያየኋት። ሌላውን ቀን ሁሉ የሰው መኪና ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚውለው፤ እሁድ ግን የኔ ነበር። የእጅ ባትሪ ይዤለት ስቆም የምውለው ለኤሲው ብዬ መሰላችሁ?»

ቺንጋዋን ከእጃችን ተቀብለው ራሳቸው አሰሯት። ባትሪውን የያዙት ሊቀመንበራችን ናቸው። ሞተሩ ተነሳ። እትዬ አየሩ በሚወጣበት ላይ መዳፋቸውን አድርገው «በረደ» አሉ። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ በሙሉ አለቀሰ፤ የመለዋወጫ ሻጩም ጭምር።

ኮፈኑን ሲዘጉ ግን «እንግዲህ እሁድን ምን ልሁንበት?» አሉ።

ስለዚህ ማኅበሩ እትዬን ሙሉ አባል አድርጎ መቀበሉን ያስታውቃል። ሊቀመንበራችንም ምንም ያልጎደለውን የራሳቸውን መኪና ቺንጋ ቅዳሜ ዕለት ፈትተው ኪሳቸው ከተው፣ እሁድ ጠዋት መኪናዋን እየነዱ ወደ እትዬ ግቢ ገብተዋል። «አንዲት ዕቃ ቀርታታለች፤ እስቲ ይዩልኝ» ብለዋቸዋል። እትዬም የሊቀመንበሩን ኪስ አየት አድርገው፣ «ይሄ እንኳን ብዙ እሁድ ይፈጃል» ብለዋል።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። እንዲሁም በዚህ ሁሉ ሙቀት መስኮት ከፍተው ለሚጓዙትና ምክንያቱ ገና ላልተነገራቸው ለሊቀመንበራችን ባለቤት ትዕግሥቱን ይስጥልን።