በምስማር ቀዳዳ የገባች ጎዳና

ውድ ነዚሃ፣

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ያለሽበትን የሚያውቀው አላህ ነው፤ በየሶላቴ አደራ የምለውም እሱኑ ነው። ስለዚህ የቤታችንን ወሬ ልንገርሽ። ሎሚው አፍርቷል። ጉልበቴ ያው ነው፤ ከመስገጃዬ ስነሳ ግድግዳ እይዛለሁ። የምጽፍልሽ ግን ስለ መኝታ ቤታችን መስኮት ነው።

አኒስ ከስፋክስ መጥቶ ነበር። መዝጊያውን ነካ ነካ አደረገና፣ "አባ፣ እንጨቱ በስብሷል፤ በአሉሚኒየም እናስቀይረው" አለኝ። ለመለካት የመጣው ባለሙያም መዝጊያው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አየና "ይሄን የበሳው አይጥ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ሚስቴ ናት" አልኩት።

ልጅሽ አልሳቀም። "እማ ከሄደች ማን ያይበታል፣ አባ?" አለ ቀስ ብሎ።

በእኔ ምስማር እኮ ነው የበሳሽው። የትምህርት ቤቱ መስኮቶች መዝጊያ ስለሌላቸውና ክፍሉ ስለማይጨልም፣ ፊዚክስ የምታለማምጃቸውን የእሁድ ልጆች ሰብስበሽ አመጣሽ፤ ከነጫማ ካርቶናቸው፣ ካርቶኑን ከሚበሱበት መርፌ ጋር። እህቴ "ባዕድ የማይረግጠውን ክፍል የገበያ መንገድ አደረገችው" ብላ ስንት ጊዜ አኮረፈችን! እኔን ደግሞ ወደ ውጪ ላክሽኝ። "ቀይ ሸሺያህን ጭንቅላትህ ላይ አድርግና በመስኮቱ ፊት ለፊት ተመላለስ። ቀስ በል፤ እንደ ሙሽራ።"

ተመላለስኩ። ፀሐይዋ መንገዱን ስታቃጥል የቡና ቤቱ ሙክታር ከጥላው ሥር ይጮህብኛል።

"ሄዲ! ዛሬም ከቤት ተባረርክ?"

"ሳይንስ እየሠራሁ ነው!"

"ሳይንስ እንዲህ ከሆነማ የእኔ አህያ ፕሮፌሰር ናት!"

ማታ ሻይ ስንጠጣ ነገሩን አስረዳሽኝ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ከቆቤ የተነሳው በቀዳዳው አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከጫማዬ የተነሳው ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ ተዘቅዝቄ ነው የማልፈው። ይሄ ገባኝ። ያልገባኝ ሳቁ ነበር። ባለፍኩ ቁጥር ከክፍሉ ውስጥ ሳቅ ይፈነዳል። ምን እንደሚያስቃቸው ስጠይቅሽ "እሱ የእኔና የልጆቹ ነው" አልሽና ሻይ ጨመርሽልኝ። እኔም አንድ ቀን ትነግሪኛለሽ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ሳትነግሪኝ ሄድሽ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ አንቺ መምህርት። ያንን ግድግዳ እያየሁ ስተኛ፣ 'ምናልባት በእኔ ይሆን የሚስቁት?' የሚል ሐሳብ አብሮኝ መተኛት ጀመረ። አስተግፍሩላህ እላለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ኦልፋ በሬን አንኳኳች። የፊት ጥርሷ ወልቆ እሁድ እሁድ ትመጣ የነበረችዋ ኦልፋ! ዛሬ አንቺ ባስተማርሽበት ክፍል ፊዚክስ ታስተምራለች።

"አጎቴ፣ ተማሪዎቼን ላምጣቸው? ባለ ቀዳዳውን የካርቶን ሳጥን ራሳቸው ይሠራሉ፤ መጀመሪያ ግን ክፍሉን ይዩት።"

"ክፍሉ አልተጠረገም።"

"እኔ እጠርገዋለሁ።"

"መዝጊያው ሊነቀል ነው፣ ልጄ።"

"ታዲያ ሳይነቀል!"

ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩላት።

እሁድ ሲደርስ ሸሺያዬን አድርጌ ልወጣ ስል እጅጌዬን ያዘችኝ። "ዛሬ እርስዎ ይቀመጡ። ሙክታር ይመላለሳል።" ቆቤን ለሙክታር ሰጥቼ አልጋው ላይ አንቺ በምትተኚበት በኩል ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ጎዳናው ግድግዳው ላይ መጣ፤ ሰማዩ ከታች፣ የዳቦ ቤቱ በር ከጣሪያው ተንጠልጥሎ። ሙክታርም ተዘቅዝቆ አለፈ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የሳቀ ግን የለም።

"ኦልፋ፣ እናንተ ያኔ በምን ነበር የምትስቁት?" አልኳት።

"መምህሬ አልነገረችዎትም?"

"አልነገረችኝም።"

"እርስዎ ብቅ ሲሉ መምህሬ ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ ትላለች፤ በእግሮቿ መካከል እርስዎን ቀጥ ብለው እስክታይዎት ድረስ። ሻርፗ መሬት ይነካል፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ይንሸራተታል። 'ጎዳናው እንዳሻው ይገልበጥ፤ ሄዲን ግን ዘቅዝቄ አላየውም' ትላለች። እንደዚያው እንዳለች በእጇ ሰላም ትልዎታለች። እኛም ሁላችን እጃችንን እናወዛውዝልዎታለን።"

"አላየኋችሁም እኮ።"

"እንዴት ያዩናል፣ አጎቴ? እርስዎ ብርሃን ላይ ነበሩ፤ እኛ ጨለማ ውስጥ።"

ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ። ወጥቼ ሸሺያዬን ከሙክታር ራስ ላይ አነሳሁ።

"ምን አጠፋሁ?" አለ።

"ምንም። ይሄ የእኔ ሥራ ነው።"

ቀስ ብዬ ተራመድኩ። ቀዳዳው ፊት ስደርስ ቆምኩና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰላም አልኩ። ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ኦልፋ ጎንበስ ብላልኝ መሆን አለበት።

ለአኒስ ደውዬ ነገርኩት፤ መዝጊያው ይጠገናል፣ ቀለምም ይቀባል እንጂ አይነቀልም። ቀዳዳውንም ማንም እንዳይደፍነው።

እሁድ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት በፊት፣ በመስኮትሽ ፊት አልፋለሁ። ካለሽበት ሆነሽ ታይኝ እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ የጌታዬ ነገር ነው። ብታይኝ ግን ጎንበስ አትበዪ፣ ወገብሽን ያምሽ ነበር። እጅሽን ብቻ አወዛውዢልኝ። ባላይሽም መልሱን እሰጥሻለሁ።

ባለ ቀዩ ሸሺያ፣
ያንቺው ሄዲ
ካይሩዋን