በሰልፍዎ ላይ ስለፈላችው መኪናዬ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንደ መኪናዬ ከመፍላት፣ እንደ እኔም ከመንጨርጨር ይሰውርዎ። እኔ ስለ መኪና አንዳች ሳልማር ለሰፈሩ ሁሉ ምክር በማደል «ኢንጂነሩ» የተባልኩ ሰው ነኝ። ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ወደ ሕክምና የማመላልሰው በአንዲት አሮጌ መኪና ነው። መኪናዋ ቦሎ ከሌላት ከግቢ አትወጣም፤ እናቴም አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ትሄዳለች። የምጽፍልዎ ለዚህ ነው።

አንደኛ፣ «ተሽከርካሪዎች ንጹሕና ያማሩ ሆነው ይቅረቡ» ስለሚለው የበርዎ ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። እንደ ትእዛዝ አክባሪነቴ ማጠቡ ብቻ አልበቃኝም፤ የሞተሩን ክፍል ፈታትቼ ጥቁር ቀለም ለቀለቅሁት። ሲደርቅ መልሼ አሰርኩና ደረቴን ነፍቼ መጣሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰልፍዎ። መኪናዬ ሞተሯን እንዳስነሣች ስትንፏቀቅ ቆይታ፣ ልክ መርማሪዎ ፊት ስትደርስ ቀይ መብራቷን አብርታ በእንፋሎት ተሸፈነች። መርማሪዎ ኮፈኑን መክፈት እንኳ ሳያስፈልገው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ተቃጥሏል ብሎ ጻፈልኝ። እንዲህ ያለ ዓይን ስላለው ሊሾሙት ይገባል። እኔ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ራሴን እንደ ሊቅ ነቅንቄ፣ ልክ ነው አልኩ። አዲስ ፓምፕ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ፈላች። ፊውዙን ቀየርኩ፤ ፈላች። ለፓምፑ ኮረንቲ የሚያቀብለውን ሪሌ ቀየርኩ፤ ኧረ ምን ጉድ ነው፣ አሁንም ፈላች። እናቴ በመስኮት ሆና፣ የፈላኸውስ አንተ ነህ፣ መኪናዋማ ምን አደረገች እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሦስተኛውን አቤቱታ የማቀርበው በራሴ ላይ ነው። ተቃጠለ የተባለውን አሮጌ ፓምፕ ልጥለው ስነሣ፣ እናቴ እስቲ መጀመሪያ ከባትሪው ጋር አገናኘው አለችኝ። ምን ታውቃለች ብዬ፣ ላሳያት ሁለቱን ሽቦዎች ባትሪው ላይ ባስነካቸው ፓምፑ ሽው ብሎ ተነሣና ውስጡ የቀረውን ውሃ ፊቴ ላይ ረጨው። ፊቴን ጠረግኩ። ከመግዛቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ያኔ አደረግኩ፤ ሽቦዎቹን በመሞከሪያ አምፖል ፈተሽኩ። ኮረንቲው በፖዘቲቩ ሽቦ በኩል ፓምፑ ጋ ይደርሳል፤ ከመኪናዋ አካል ጋር በብሎን የታሰረው ኔጌቲቩ ሽቦ ግን አይመልሰውም። ብሎኑን ብፈታው ከሥሩ ያ የሚያምረው ቀለሜ! ሽቦውን ከብረቱ ለይቶ፣ ለእርስዎ ክብር እያብለጨለጨ ተቀምጧል። በአሸዋ ወረቀት ፍቄ አሰርኩት፤ ፓምፑ ተነሣ፣ መኪናዋም መፍላት አቆመች።

በደስታ ወደ እርስዎ ብመለስ፣ አንዴ የወደቀ ተሽከርካሪ ዳግም የሚታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው ተባልኩ። ለአንድ አፍታ ቁልፉን አዙረው ይዩት ብዬ ለመንኩ። መስኮት ላይ ያለችው ጸሐፊዎ በትሕትና፣ ቅሬታ ካለህ ጽፈህ አስተያየት መስጫ ሳጥኑ ውስጥ ክተት አለችኝ።

ትናንት እናቴ ከአውቶቡስ ወርዳ ደረጃችን ላይ ተቀመጠች፤ መነሣት አቃታት። ደግፌ ሳስገባት አላሾፈችብኝም። አንጀቴን የበላው እሱ ነው፤ ክቡርነትዎ ሌላውን ሁሉ ቢተዉት እንኳ ይህችን አንዲት መኪና ከቀጠሮዋ በፊት ያዩልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ለሰልፍዎ ርዝመት፣ ለመርማሪዎ ዓይን፣ ለቀጠሮዎም ስፋት እጅ እየነሣሁ፣ ትእዛዝዎን ከሚገባው በላይ ያከበርኩት፣
«ኢንጂነሩ»

ማስታወሻ፦ በአደባባይ፣ በጋዜጣ የጻፍኩልዎ ድፍረት ኖሮኝ አይደለም። ጸሐፊዎ እንዳለችው ወረቀቴን አጣጥፌ ሳጥኑ ጋ ብሄድ፣ ግቢውን ሲያስቀቡ ሳጥኑንም አብረው አስቀብተውት ኖሮ ቀዳዳው በቀለም ተደፍኗል። አይፈሩ፣ እኔም ላይ ደርሷል። ግማሽ አሸዋ ወረቀት ተርፎኛል፤ ካስፈለገዎ ይዤ እመጣለሁ፣ ከሁለት ወር በኋላ።