የሶሬሳ የመጀመሪያ ኬዝ

ጅማ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ እትዬ እታገኝ
ደብረ ብርሃን

አሰላሙ አለይኩም ብዬ ስጀምር፣ «ወአለይኩም ሰላም ልጄ፣ ምሳ በልተሻል?» የሚለው ድምፅዎ ጆሮዬ ላይ ነው። ዛሬ በልቻለሁ። ጡረታ ወጥተው ልጅዎ ጋ ከሄዱ ወዲህ ግን ቢሮ ውስጥ ምሳ በልተሻል ወይ የሚለኝ ስለሌለ፣ አንዳንድ ቀን እረሳዋለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። በስልክ ግን እርስዎ ስለ እኔ ይጠይቃሉ፣ እኔ ስለ ጉልበትዎ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩት። ወደዚያ የሚመጣ የቢሮ ሹፌር ስላለ በእጁ ይደርስዎታል።

ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። ወንበርዎን ሰጡኝ፤ አሁንም ወደ ግራ ያዘነብላል። አዲስ የማኅበራዊ ሥራ ተመራቂም መደቡልኝ፤ ሶሬሳ ይባላል፣ የነቀምት ልጅ ነው። ትሑት ነው፣ ቁመቱ ደግሞ የትየለሌ። በር ሲያልፍ ጎንበስ ማለት ስለሚረሳ ግንባሩ ላይ እብጠት አይጠፋም።

በቾ ቦሬ ሰፈር መስጊዱ አጠገብ ልብስ የምትሰፋውን ወርቅዬን ያስታውሷታል። ጎረቤቷ ሆስፒታል ገብታ በዚያው ስትሞትባት፣ ልጇን ማሂራን የወሰደችው እሷ ናት። አባትየውማ ቀድሞ ነው ያረፈው። ወርቅዬ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሆና ልጅቷን ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርአን ቤት ታደርሳታለች፤ ውጭ ቁጭ ብላም ትጠብቃታለች። መስከረም እንደጠባ ታዲያ የማሂራ አያት ኦቦ ዳባ ከሰርቦ ገጠር ሽማግሌ ይዘው ቢሯችን መጡ። የምራታቸውን መሞት የሰሙት ዘግይተው ነው። «የልጄ ልጅ ባዕድ ቤት አትቀርም» አሉ።

ኬዙ ለሶሬሳ ደረሰው። አያትየውን አናገረ፣ ቤታቸውን አየ፣ ጎረቤት ጠየቀ። ሥጋ ዘመድ ናቸው፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ቤትና የቡና ማሳ አላቸው። ምን ይጎድላል? ልጅቷን ራሱ ሰርቦ አድርሷት ደስ ብሎት ተመለሰ። ወርቅዬም አላስቸገረችም፤ የልጅቷን ልብስ አጣጥፋ ሰጠችው።

ብዙም ሳይቆይ ማሂራ ጠፋች። አገር ምድሩ ሲፈልጋት ዋለ። ከገበያተኞች ጋር ሚኒባስ ተሳፍራ መጥታ ኖሮ፣ የወርቅዬ የልብስ ስፌት መኪና ሥር ተሸጉጣ ሶሬሳ ራሱ አገኛት። በነጋታው ኦቦ ዳባ ቢሮ ገብተው፣ «ልጄን ሰጥታችሁ መልሳችሁ ሰረቃችሁኝ» ብለው ጮኹ። ሶሬሳ ከዚያ በኋላ ሥራ አልገባም፤ ስልኩም ዝግ ሆነ።

ኃላፊያችን አቶ ፈለቀ ጠሩኝና፣ «ኬዙን አንቺ ያዢውና ቶሎ ዝጊው» አሉኝ።

«ከወሰድኩበት ኬዙ ይዘጋል፣ ሶሬሳም አብሮ ይዘጋል» አልኳቸው።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። ሲስማሙ እንዲህ እንደሚሉ ያውቃሉ።

የተከራየበት ክፍል ሄድኩ። ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ ልብሱን እያጨቀ ነበር። «አጎቴ ነቀምት ሱቅ አለው፣ እዚያ እገባለሁ። ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም ነጅላ። ሰው ልረዳ ሄጄ ሰው ጎዳሁ» አለኝ።

ምክር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና፣ «ዓይንህን ስትጨፍን የሚታይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

የያዘውን ልብስ አስቀመጠ። «እግሯ» አለ። «የስፌት መኪናው ሥር ሆና እግሯን ወደ ውስጥ ትስብ ነበር። እንዳላያት።»

«ይህ የማይታየው ሰው ነው ለዚህ ሥራ የማይሆነው» አልኩት። ቃሉ የእርስዎ ነው። ከማን እንደሰማሁት ግን አልነገርኩትም፤ ለዛሬ የእኔ ይምሰል አልኩ።

ተመልሰን እንድንሄድ ጠየቅኩት። «አንቺ ከተናገርሽ እመጣለሁ» አለ። «እኔ አልናገርም፣ አጠገብህ ግን እሆናለሁ» አልኩት። ሻንጣውን አልዘጋውም፣ ልብሱንም አላወጣም፤ እንዲሁ እንደተከፈተ ትቶት ወጣ።

ሶሬሳ፣ ወርቅዬ፣ ማሂራና እኔ ሰርቦ ወረድን። ኦቦ ዳባ ተኮሳትረው ተቀበሉን፤ ቢሆንም ወንበር አወጡልን። እኔ ቀዩ ቡና የተሰጣበት ማድረቂያ አልጋ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን እርስዎ ለምን አልነገሩኝም? ሶሬሳ ሲንተባተብ፣ ሽማግሌው ሲያቋርጡት ምላሴን ነክሼ ቡና ለቀምኩ። ብስሉን ካልበሰለው እየለየሁ ሳልጠየቅ ግማሽ አልጋ ቡና ለቅሜላቸዋለሁ።

ሶሬሳ ድንገት አዋቂዎቹን ተወና መሬት ላይ ልጅቷ ፊት ቁጭ አለ። በኦሮምኛ፣ «ማሎ፣ እባክሽ፣ ያን ቀን ሳልጠይቅሽ ነው የወሰድኩሽ። ዛሬ ልጠይቅሽ። አያትሽ ጋ ምን ከፋሽ?» አላት።

«አልከፋኝም። አያቴ ጥሩ ነው፣ ጥጃም ሰጥቶኛል» አለች።

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

ወርቅዬን በዓይኗ ፈለገቻት። «እማዬን ሆስፒታል ሲወስዷት፣ አንቺ እዚህ ጠብቂ ተባልኩ። ከዚያ አልመጣችም። እማ ወርቅዬም ዝም ብላ ስትሸኘኝ… መኖሯን ለማየት ነው የሄድኩት።»

ወርቅዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ኦቦ ዳባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወርቅዬን፣ «አንቺ ሴት፣ ሰርቦ ሩቅ ነው እንዴ? መጥተሽ ማየት አትችዪም ነበር?» አሏት።

«የጠራኝ አልነበረም» አለች ወርቅዬ። «ከጠሩኝማ እመጣለሁ። መጥቼም ያችን ጉልበቷ የተቀደደች ሱሪዎን እሰፋልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ሱሪያቸውን አዩና ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ማሂራ ትምህርት ባለበት ወርቅዬ ጋ ትሆናለች፣ ትምህርት ሲዘጋና ቡና ሲደርስ ሰርቦ ትወርዳለች፣ ወርቅዬም አብራት ትመጣለች። ይህን ያለው ሶሬሳ ነው፤ ኦቦ ዳባም «ኤዬ፣ ይሁን» አሉ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኛ። ጭንቅላቱ በየጉድጓዱ መስኮቱን ቢመታም አልነቃም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ከሰዓት ሁላችንም ፋይል ዘግተን እንቀመጣለን። አዲሱም የቆየውም የከበደውን ያወራል። አቶ ፈለቀን ስጠይቃቸው መጀመሪያ «ለወሬ ሰዓት?» ብለው ነበር። በመጀመሪያው ሐሙስ ቆሎ ይዘው ብቅ አሉና ከሁላችንም በላይ ያወሩት እሳቸው ሆኑ። ሶሬሳ አንድ ሐሙስ የማሂራን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከልን። አጎቱም ለሱቁ ሌላ ሰው ቀጥሯል አሉ።

ትናንት ሊያበቃ ሲል ባልደረባችን ናዝራዊት፣ «ነጅላ፣ የሁላችንንም ትሰሚያለሽ፤ አንቺንስ ማን ይሰማሻል?» አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ አልነበረም።

ለልጅዎ ለአብሳሎም ደውዬ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኩት። «እማዬ ደህና ናት፣ ከመስኮቱ ዳር አትነሳም እንጂ» አለኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በሚመጣው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደውልልዎታለን። ስልኩን ጠረጴዛው መሀል እናስቀምጠዋለን። ምክር አያዘጋጁ፤ እዚህ ምክር ሞልቷል፣ የጠፋው እንደ እርስዎ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚል ሰው ነው። አዲሶቹ ድምፅዎን ሊሰሙ ጓጉተዋል። ሶሬሳ «እውነት በሕይወት አሉ?» ብሎ ጠይቆኛል፤ እኔ ሳወራ ታሪክ ይመስለው ነበር።

የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን አይድፈረው። አላህ ለልጅዎ ቤት ሰላም፣ ለእርስዎ ደግሞ ጤናና ጨዋታ ያብዛልዎት። አብሳሎምን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ
ነጅላ

ፖስታው ከታሸገ በኋላ ከፍቼ የጨመርኩት ነው፦ ሐሙስ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ።