በልጄ አንገት ላይ ስለተንጠለጠለው ሰሌዳ

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ሰኔ 28

ጉዳዩ፦ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ልጄ በእንግሊዝኛ ንባብ ወድቃለች ተብሎ ክፍል እንድትደግም የተላለፈው ውሳኔ እንዲሻርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አቤት ባይ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዚሁ ትምህርት ቤት ልጆች ከሚለብሱት ዩኒፎርም አብዛኛው የእኔ የስፌት መኪና ያለፈበት ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁም። እንግሊዝኛ ግን አልተማርኩም። ትምህርት ቤቱ ለወላጅ የሚልከውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚጽፍ የእኔ ድርሻ ፈርሞ መመለስ ነው። ይህን ያነሳሁት ለማማረር ሳይሆን ከታች ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

2. የልጄ የእንግሊዝኛ መምህርት ንባብ የሚያስተምሩበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። በመጠንም በቀለምም አንድ የሆኑ ሁለት የእንጨት ሰሌዳዎች አሠርተዋል። በየሳምንቱ አርብ አንዱን ለጎበዝ አንባቢ፣ ሌላውን ለሰነፍ አንባቢ አንገት ላይ ያንጠለጥላሉ። ልጆቹም እንደዚያው ሆነው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ሰኞ ይመልሳሉ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የቱ የጎበዝ፣ የቱ የሰነፍ እንደሆነ መምህርቷ አይናገሩም። «ማንበብ የቻለ ራሱ ይደርስበታል» ይላሉ። ዘዴው ሲታይ ብልህ ነው፤ ማንበብ ያልቻለው ልጅ ግን ምን እንደተሸከመ ሳያውቅ በሰፈሩ ሁሉ ይዞት ይዞራል።

3. አንድ አርብ ልጄ ሰሌዳ አንጠልጥላ ስትመጣ ከሩቅ እየሮጠች «እማዬ ተሸለምኩ!» አለችኝ። ክፍል ውስጥ ማንበብ የቻሉት ስቀዋል፣ ያልቻሉት አጨብጭበዋል። እሷ ሁለቱንም የደስታ አድርጋ ወስዳዋለች። እኔም ሰሌዳውን ሳሎን መግቢያው ላይ ሰቀልኩት። ሲባጎው አንገቷን እንደፈገፈጋት ሳይ አውጥቼ ጣልኩትና ለሙሽራ ልብስ ካስቀመጥኩት ቀይ ከፋይ ሪባን ሰፋሁለት። በሚቀጥለው አርብም፣ ከዚያ በኋላ ባለው አርብም ያንኑ ሰሌዳ ይዛ መጣች። ሦስተኛው ላይ ለጎረቤት «የእኔዋ ልጅ እኮ አልተቻለችም» እያልኩ መንጠባረር ጀምሬ ነበር።

4. እንግዳ ሲመጣ ሰሌዳውን አንብቦ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ የልጄን ጭንቅላት በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ፋርማሲስቱ ጎረቤታችን እንዲህ አደረጉ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ለልጃቸው ሱሪ ሊያስለኩ መጥተው እንዲህ አደረጉ፤ አድርገውም «በርቺ» ብለዋት ሄዱ። አንድም ሰው ምን እንደሚል አልነገረኝም። እኔ የእንግሊዝኛ ምርቃት መሰለኝ። ስለዚህ ማታ ማታ ሳስተኛት እኔም ጭንቅላቷን ኳ ኳ አደርግላት ነበር።

5. ልጄ ሽልማቷ ምን እንደሚል ማወቅ ፈለገች። ፊደሎቹን በክር ካርቶኖቼና በጨርቅ ጥቅሎቼ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር እያስተያየች፣ ድምፃቸውን የዴስክ ጓደኛዋን እየጠየቀች ለብቻዋ ስትታገል ሰነበተች። በሦስተኛው እሑድ ፋርማሲስቱን ጨምሮ ቤት ሙሉ ሰው ባለበት «አነበብኩት!» አለች። ወንበር ላይ አቆምኳት። በጣቷ እየተከተለች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትሳሳት አነበበችው። ማንም ሳያጨበጭብ እኔ ብቻ አጨበጨብኩና «በይ ለእናትሽ ተርጉሚልኝ» አልኳት።

ወንበሩ ላይ እንደቆመች ተረጎመችልኝ፦ «ጭንቅላቴ ባዶ ነው። አንኳኩና ስሙት።»

ክቡር ኃላፊ፣ በሕይወቷ አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይህ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ጸጉሯን ልሠራት እጄን ሳነሳ ራሷን በሁለት እጇ ትሸፍናለች።

6. በዓመቱ መጨረሻ የንባብ ፈተና መጽሐፉ ፊቷ ሲዘረጋ ልጄ አፏን አልከፈተችም። ዜሮ ተሰጣት። ትድገም፣ የምትደግመውም እኚያው መምህርት ዘንድ ነው ተባለ። ለርእሰ መምህሩ ልጄ ማንበብ እንደምትችል፣ የቻለችበትንም እሑድ ነገርኳቸው። እሳቸው ደስ አላቸው። «አየሽ እህቴ፣ ሰሌዳው ሠርቷል ማለት ነው!» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ እዚያው ቢሯቸው ውስጥ ከሥራዬ እንደተነሳሁ በያዝኩት መቀስ አንድ ነገር ያላደረግኩት ስለ ልጄ ብዬ ነው። ሰሌዳው ከሠራ ልጄ ማንበብ ችላለችና ለምን ትደግማለች? ልጄ ካልቻለች ደግሞ ሰሌዳው አልሠራምና ለምን አይቃጠልም? ይህንኑ ብጠይቃቸው የልጃቸው ሱሪ የሚደርሰው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

7. ስለዚህ የምጠይቀው፦ ልጄ በሌላ መምህር፣ ሌላ ልጅ በሌለበት ክፍል ውስጥ እንደገና እንድትፈተን፤ ብታልፍም ባታልፍም ከእኚህ መምህርት እጅ እንድትወጣ። ሰሌዳውን በተመለከተ፣ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ከነቀይ ሪባኔ በሌላ ልጅ አንገት ላይ አይቼዋለሁ። ልጁ እየዘለለ ነበር የሚሄደው። ለእናቱ መንገር አልቻልኩም፤ እርስዎ ግን ሰሌዳውን ከአንገቱ ማስወረድ ይችላሉ።

8. በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። መልሱን በእንግሊዝኛ ይጻፉልኝ። ልጄ ከዚያ እሑድ ወዲህ ምንም አላነበበችም፤ ከቢሮዎ የሚመጣውን ግን ወንበር ላይ ቆማ ታነብልኛለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ውሳኔዎ ትድገም ከሆነም እንደዚያው ይጻፉ፣ እኔም ከአፏ እሰማዋለሁ። ከሰሌዳው ቀጥሎ የምታነበው የእርስዎ ጽሑፍ ነው።

ለቢሮዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

የተማሪዋ እናት
(ፊርማ)