እግር ስላወጣችው ቢጫ ጀሪካኔ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ገረመው
የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቦሌ አራብሳ

ከሁሉ አስቀድሜ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር ፍጹም ጤንነት እመኝልዎታለሁ። በተለይ የወገብዎ ደኅንነት ያሳስበኛል፤ ወገብዎን ለይቼ ያነሣሁበትን ምክንያት ከደብዳቤው ግርጌ ያገኙታል። ይህን ጽሑፍ በሕንፃው መግቢያ ላይ የለጠፍሁት እርስዎን ለማስቀየም አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ያከበሩኝ በሰው ፊት ስለሆነ ምስጋናውም በሰው ፊት እንዲሆን ተገቢ መስሎ ስለታየኝ ነው።

እንደሚያውቁት ውሃ የሚደርሰን በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ወደ ላይኞቹ ፎቆች ስለማይወጣ ሁላችንም የምንቀዳው ከግቢው ሮቶ ነው። ነዋሪው ከዋዜማው ጀሪካኑን በተራ ደርድሮ ወደየጉዳዩ ይሄዳል፤ ማንም የማንንም አይነካም። ይህ ሥርዓት እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ዘበኛም ማኅተምም አላስፈለገውም ነበር። በኔዘርላንድስ የውሃ ሥርጭት አጥንቼ፣ በዚያው ሙያ ሠርቼ ስመለስ፣ ለቀድሞ ባልደረቦቼ በኩራት ፎቶ አንሥቼ የላክሁላቸው ይህንኑ የጀሪካን ሰልፍ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. ከሰልፉ መጨረሻ አካባቢ የነበረችውን ጀሪካኔን በክቡር እጅዎ አንሥተው፣ የሰውን ሁሉ አሳልፈው ከቧንቧው ሥር ስላኖሩልኝ አመሰግናለሁ። «ዶክተር ውጭ አገር ተምሮ መጥቶ ከእኛ እኩል ይሰለፋል እንዴ? ነውር ነው!» ብለዋል። ለትክክለኛነት ያህል፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ያለኝ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ነውር መኖሩን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ወይዘሮ ሰዓዲያ ከኋላ «ዶክተርዬ፣ ውሃው በእንግሊዝኛ ነው እንዴ የሚወርደው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያልሳቁት የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ባለቤታቸውን አቶ ገብረሰንበትን የሚያስታምሙት ወይዘሮ ወለተማርያም ብቻ ነበሩ። እርሳቸው «ግድ የለም ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ቅደም» አሉኝ። እኔም ቀደምሁ።

፪ኛ. ትምህርቴን ከንቱ ስላላደረጉት አመሰግናለሁ። ከመቅዳቴ በፊት ሮቶውን በጣቴ መታ መታ አድርጌ ድምፁን አዳምጬ ነበር፤ ውሃው የት ላይ እንደቆመና ለተሰለፈው ሁሉ እንደማይዳረስ ዐወቅሁ። ዐውቄም እስከ አፏ ሞላኋት። ሰልፉ በእኔ አንዲት ጀሪካን ወደ ኋላ ተገፋ፤ የወይዘሮ ወለተማርያም ተራ ሲደርስ ቧንቧው አየር ተነፈሰ። ባለቤታቸው የሚታጠቡበት፣ አንሶላቸውም የሚነከርበት ውሃ ያ ነበር።

ኔዘርላንድስ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት አንዲት አረጋዊት «የሻወሬ ውሃ ጉልበቱ ቀነሰ» ብለው ስልክ ደወሉ። አለቃዬ ሠራተኞች ላከ፤ ከጥገናው በኋላም የይቅርታ ደብዳቤ አስጻፈኝ። በዚያን ሰሞን እዚህ አያት ሰፈር ለሚኖሩ ጓደኞቼ በስልክ ቅብጠት ነው እያልሁ አውርቼላቸው ብዙ ስቀናል። አሁን ግን ያ ቀልድ አያስቀኝም። ውጭ አገር መማር ዐይን ይከፍታል የሚባለው እውነት ነው፤ የእኔንም ከፍቶታል። ቅዳሜ ዕለት የጎደለኝ ዐይን አልነበረም፤ ማየቴ እግሬን አላቆመልኝም እንጂ።

፫ኛ. ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ሲጨንቀኝ የቀዳሁትን ተሸክሜ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ የወይዘሮ ወለተማርያምን በር አንኳኳሁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ደስም ባለኝ። እርሳቸው ግን ጀሪካኗን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን» ብለው መረቁኝ። የገዛ ተራቸውን ወስጄ የገዛ ውሃቸውን ብመልስ፣ መብታቸው የእኔ ችሮታ ሆኖ ተቆጠረልኝ። ያንን ምርቃት የት እንደማኖረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እርስዎ ማከፋፈል ስለሚችሉበት ቢረከቡኝ ደስ ይለኛል።

በዚያው ዕለት ማታ ደውለው ስለ ልጅዎ ስለ አብኔዘር የነፃ ትምህርት ዕድል ሲጠይቁኝ፣ ጀሪካኔ እግር ያወጣችበት ምክንያት ተገለጠልኝ። አይሥጉ፣ እረዳዋለሁ፤ ልጁ ጎበዝ ነው፣ በዚህ ነገርም እጁ የለበትም። ዕድሉን አግኝቶ ሲሄድ ግን አስቀድመው ያዘጋጁት ዘንድ እለምናለሁ፤ እዚያ መጀመሪያ የሚያገኘው አባቱ የሌሉበት ሰልፍ ነው።

ከኮሚቴው የምጠይቀው ጥቂት ነው። ባለፈው ፈረቃ ተሰልፈው ሳይደርሳቸው የቀሩ ሰዎች በሚቀጥለው ፈረቃ ይጀምሩ፤ ይህም በወይዘሮ ወለተማርያም ጀሪካን ይጀመር። ከዚያ በኋላ የማንም ጀሪካን፣ የእኔም ጭምር፣ በባለቤቱ እጅ ካልሆነ በቀር አይነሣ። ይህን ለመፈጸም ዲግሪ አያስፈልግም፤ ውጭ አገር ከመሄዴ በፊት ስትፈጽሙት አይቻለሁና።

ሮቶዎ ሙሉ፣ ሰልፍዎ አጭር እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሰው ተራ የተከበርሁ፣ ሐፍረቱን ግን ማንንም ሳልቀድም የተረከብሁ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ይሕደጎ ዑቕባይ
ሦስተኛ ፎቅ

ማስታወሻ፦ ለመጪው ፈረቃ ጀሪካኔን ከሰልፉ መጨረሻ አስቀምጫታለሁ። ከሕንፃው ጀርባ ከተረፈው የግንባታ አሸዋ እስከ አፏ ጠቅጥቄባታለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ እኔው ደፍቼ፣ አጥቤ እቀዳባታለሁ። አሸዋው በከፊል ለእኔው ነው፤ «ቅደም» ሲሉኝ ፈጥነው የሚነሡትን እግሮቼን ገና አላምናቸውምና። እርስዎ ግን እኔን ለማክበር ድንገት ጎንበስ የሚሉ ከሆነ፣ አደራዎን፣ ወገብዎን።